«አይተሃት ዝም አልክ?»

የምሠራው ስዊድን፣ ኦስተርሱንድ ከተማ፣ የባያትሎን ስታዲየም ውስጥ ነው፤ ባያትሎን በረዶ ላይ በስኪ እየሮጡ በመሀል ቆም ብለው ኢላማ የሚተኩሱበት ስፖርት ነው። ካለፈው ክረምት ተርፎ በሰጋቱራ ተሸፍኖ የከረመውን በረዶ የውድድሩ ወቅት ሲቃረብ እንገልጠዋለን። በመኪና እያመላለስን እንበትነዋለን፣ መሙን እናስተካክላለን። የዓለም ዋንጫው ሲመጣ ደግሞ ብዙዎቻችን ወደ ውድድሩ ሥራ እንዞራለን። የ2023/24 የውድድር ዘመን የተከፈተው እኛ ጋ ነው፣ ኖቬምበር 25። ለእኔ የደረሰኝ የቅጣት ዙር ነበር።

የቅጣት ዙር ከተኩስ ሜዳው አጠገብ ያለች 150 ሜትር የምትሆን መንገድ ናት። አንድ ኢላማ የሳተ አንዴ ይዞራታል፣ ሁለት የሳተ ሁለቴ። እኛ የደረት ቁጥሩን እያየን ስንቴ እንደዞረ እንጽፋለን። ኢንዲቪጁዋል በሚባለው ውድድር ቀን ስህተቱ በዙር ሳይሆን በደቂቃ ስለሚቀጣ ቦታው ባዶ ይሆናል። ስፕሪንት የሚባለው አጭሩ ውድድርና ዱላ ቅብብል (ሪሌ) ሲሆን ግን ከወረቀቱ ቀና ማለት ከባድ ነው፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፣ ሦስቱ አብረው ይዞራሉ፣ ከሦስቱ የአንዱ ቁጥር በበረዶ ተሸፍኗል።

ነገሩ የሆነው በአንዱ የሴቶች ስፕሪንት ላይ ነው። የአትሌቷን ስምም አገርም አልጠራም። ቆማ ተኩሳ አንድ ሳተች። ከቆምኩበት ኢላማዎቹ ይታዩኛል፤ አራቱ ነጭ ሆነዋል፣ አንዱ ጥቁር ቀርቷል። ገባች፣ አንዴ ዞረች። መውጫው ጋ ስትደርስ ትወጣለች ብዬ እስክሪብቶዬን አነሳሁ። አልወጣችም። አልፋው ሁለተኛ ዙር ጀመረች።

ከእኔ በሁለት ሜትር ርቀት ነው ያለፈችው። ትንፋሿ ይሰማኛል። አፌ ላይ የመጣውን ቃል ዋጥኩት። ደንቡ ግልጽ ነው፤ የዙሩን ቁጥር የማወቅ ኃላፊነት የተወዳዳሪው ነው። ያጎደለ ለእያንዳንዱ ዙር ሁለት ደቂቃ ይጨመርበታል፤ በራሱ ስህተት የጨመረ ግን የሚመለስለት ነገር የለም። 2 ብዬ ጻፍኩ። ከሃያ ሰከንድ በላይ በከንቱ ፈሰሰ። በስፕሪንት የጠፋ ሰከንድ ደግሞ እዚያው አይቀርም። የማሳደድ ውድድሩ መነሻ ከስፕሪንቱ ልዩነት ነው የሚወሰደው፣ የሚያልፉትም 60 ብቻ ናቸው።

ውድድሩ እንዳለቀ አሰልጣኟ ወደ አጥሩ መጡ። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ያ የውድድር ዘመን ፍሎሪን ያለበት የስኪ ሰም፣ ማለትም ስኪው በደንብ እንዲንሸራተት የሚቀባው፣ መከልከሉ በሥራ ላይ የዋለበት የመጀመሪያው ነበር። የሁሉም ቡድን ሰም ቀቢዎች ሌሊቱን ሲሞክሩ ያድሩ ስለነበር የሁሉም ዓይን ቀልቶ ነው የሚውለው። የእሳቸውም እንደዚያው ነበር።

«አይተሃታል?» አሉኝ።

«አይቻታለሁ።»

«አንድ ብቻ እንደሳተችስ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«አይተሃት ዝም አልክ?»

«ሥራዬ መቁጠር ነው። ደንቡን እርስዎም ያውቁታል» አልኳቸው።

ይሄኔ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። «ለመቁጠር እግሯ ላይ ቺፕ አለ፣ ላይ ደግሞ ካሜራ አለ» አሉ። «እዚህ ጋ ሰው ያቆሙት ለምን ይመስልሃል?»

መልስ ሳይጠብቁ ሄዱ።

ያቺ ጥያቄ ናት ዛሬም ድረስ የምትከነክነኝ። ለእኔ ደግሞ በተለይ። ያደግኩት 10,000 ሜትር እያየሁ ነው። ሃያ አምስት ዙር የሚሮጥ ሰው በራሱ አይቆጥርም። የቀረውን ዙር ዳኛው በሰሌዳ ያሳየዋል፣ ለመጨረሻው ደወል ይደወልለታል። እኛ አገር ያንን ደወል ሰምቶ ከመቀመጫው ያልተነሳ ማን አለ? እኔ በልጅነቴ የማውቀው ዳኛ የሚነግር ዳኛ ነው። አሁን ግን እኔው ቆሜ የማውቀውን ነገር አፍኜ ልጅቷን አሳለፍኳት።

ቢሆንም አሰልጣኙ ልክ ናቸው አልልም። የትራኩ ደወል የሚደወለው ለሁሉም ነው፤ ማንም ከማንም የተለየ ነገር አይሰማም። የቅጣት ዙር ላይ ግን የእያንዳንዱ ቁጥር የራሱ ነው። ለእሷ ከነገርኳት ከኋላዋ ለመጣችውም መናገር አለብኝ፤ ሦስቱ አብረው ሲዞሩ ደግሞ ለሁሉም አልደርስም፣ አንዷን ነግሬ ሌላዋን እተዋለሁ። የስዊድን ልጅ ሆና ብነግራትስ? ስታዲየሙ የእነሱ፣ ቆጣሪው የእነሱ ይባል ነበር፣ መባሉም ትክክል ነበር። በዚያ ላይ መቁጠሩ ራሱ የፈተናው አካል ነው። ልብ እንደዚያ እየመታ ቆሞ በ50 ሜትር ርቀት 115 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ኢላማ መምታት ብቻ ሳይሆን የሳቱትን አስታውሶ መዞርም ባያትሎን ነው። በዚያ የውድድር ዘመን የሴቶቹ የዓለም ዋንጫ አጠቃላይ አሸናፊ የለየችው በማርች፣ ካናዳ ካንሞር ላይ ነው። ኢንግሪድ ላንድማርክ ታንድሬቮልድ እየመራች ሄዳ ጣሊያናዊቷ ሊዛ ቪቶዚ እዚያ ቀድማት ዋንጫውን ወሰደች። እንዲህ ተጠባብቆ በሚያልቅ ዘመን አንድ ቆጣሪ ኅዳር ላይ ለወደደው ሹክ ቢል የማን ድል እንደሚታመን እንጃ።

ደግሞ ልንገራችሁ። አሰልጣኝ ለአትሌቱ ስንት እንደሳተ መንገር ይችላል። ከተኩስ መደቡ ኋላ በመነጽር የሚያዩ ሰዎች ነበሯቸው። የቡድኑን ጃኬት የለበሱ፣ ደመወዛቸው ለዚህ የሆነ፣ ድምፃቸውን የምታውቀው። እኔን የጠየቁኝን ጥያቄ ማታ ሆቴላቸው ገብተው እነሱንም ጠይቀው ከሆነ ደስ ይለኛል።

ለአለቃዬ ነገርኳት። ለብዙ ዓመት እዚህ የሠራች ሴት ናት፣ ቃል አታበዛም። «ብትነግራት ኖሮ እኔው ራሴ ከቦታው አነሳህ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ቡና ቀዳችልኝ። «ቺፑ ሊወልቅ ይችላል፣ ካሜራውን በረዶ ይጋርደዋል። ያን ቀን የሚታየው ያንተ ወረቀት ነው። የቆምከው ለዚህ ነው» አለች። ጥሩ መልስ ነው። አሰልጣኙ ፊት ቆሜ በነበረበት ሰዓት ቢመጣልኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ጥር ላይ እዚያው ስታዲየም የክለብ ልጆች ውድድር ነበር። አንድ ትንሽ ልጅ ሁለት ስቶ አንዴ ዞረና ወደ መውጫው አመራ። ሳላስብ «አንድ ይቀርሃል!» ብዬ ጮህኩ። ልጁ ክው ብሎ አየኝ፣ ተመለሰ፣ ዞረ። ደስ አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ መግለጽ ያቅተኛል፤ ከኅዳር ጀምሮ ደረቴ ላይ የነበረ ነገር ቀለል አለኝ።

አለቃዬ አጠገቤ ነበረች።

«ተናገርክ» አለች።

«ልጅ ነው። ገና እየተማረ ነው። እዚህ ሁላችንም እንናገራለን።»

«የዓለም ዋንጫ ቢሆንስ?»

«ዝም እላለሁ።»

«ስትነግረው ግን ደስ ብሎሃል።»

«በጣም» አልኳት።

ለሚቀጥለው የዓለም ዋንጫ ሳምንት ምድብ ሲወጣ የት እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። ሰም መመርመሪያው ጋ ቦታ ነበር፣ መግቢያ በር ላይም ነበር። የቅጣት ዙር ላይ ጻፊኝ አልኳት። ደንቡን አምንበታለሁ። ያቺ አትሌት ድጋሚ በፊቴ ብታልፍ ዝም እላለሁ፣ ዝም ማለቱ ግን አሁንም ያመኛል። ለዚያ ቦታ የሚያመው ሰው ይሻላል ብዬ አስባለሁ።