ሬዲዮ ላይ ያልተባለው

ሰሞኑን ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ጋ ከጓደኞቼ ጋር ቁጭ ብለን ስለ አውሮፕላን አደጋ ስናወራ፣ ሁሉም የሚያነሳው ሞተርና የአየር ጠባይ ነበር። አብራሪውና የምድር የበረራ ተቆጣጣሪው የሚነጋገሩበትን ሬዲዮ ማንም አላነሳም። እኔን ደግሞ የአቪያንካ አየር መንገድ በረራ 52 ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በፈረንጆቹ ጥር 1990 ነው። ከኮሎምቢያ የተነሳው ቦይንግ 707 ኒውዮርክ ሲደርስ አየሩ ተበላሽቶ ወረፋው ረዝሟል፣ ከአንድ ሰዓት በላይ አየር ላይ እየዞረ እንዲጠብቅ ተደረገ። ነዳጁ እየተመናመነ ነው። ረዳት አብራሪው ቅድሚያ ስጡን ብሎ ጠየቀ። የመጀመሪያው የማረፍ ሙከራ ሳይሳካ ሲቀር ካፒቴኑ አደጋ ላይ ነን በላቸው አለው። እሱ ግን ሬዲዮው ላይ የተናገረው ነዳጅ እያለቀብን ነው የሚለውን ብቻ ነው፣ ያውም እንደ ተራ ወሬ ከሌላ መልእክት ጋር አያይዞ። ተቆጣጣሪው «ሜይዴይ» የሚለውን የአደጋ ጥሪ አልሰማም። ስለዚህ እንደ ማንኛውም አውሮፕላን ለሌላ ሙከራ ረጅም ዙር አዞራቸው። አራቱም ሞተሮች ጠፉ። 73 ሰው ሞተ።

በዚህ ልጅ መፍረድ ይከብደኛል። እኛም ጋ እኮ ጭንቅን አለዝቦ መናገር ጨዋነት ነው፤ የታመመች እናት እንኳ ሐኪም ፊት ቀርባ «ትንሽ አሞኝ ነው» ነው የምትለው። ሐኪሙ ግን ፊቷን ያያል። ተቆጣጣሪ ያለው ድምፅ ብቻ ነው፣ ያንንም በደርዘን ከሚቆጠሩ ሌሎች ድምፆች መሃል ነው የሚሰማው።

በፈረንጆቹ 1977 በስፔኗ ደሴት ቴነሪፍ ላይ 583 ሰው ያለቀበት አደጋም እንዲሁ ነው። ጉሙ ወፍራም ነበር፣ ለመነሳት ሲንደረደር የነበረ የኬኤልኤም አውሮፕላን እዚያው ማኮብኮቢያ ላይ ከነበረ የፓን አም አውሮፕላን ጋር ተጋጨ። ከግጭቱ በፊት ፓን አም ገና ማኮብኮቢያው ላይ ነን ሲል፣ በዚያችው ሰከንድ ተቆጣጣሪውም እያወራ ስለነበር ሁለቱ ድምፆች ተጋጭተው ኬኤልኤም ውስጥ የተሰማው ፉጨት ነው። የኬኤልኤም የበረራ መሐንዲስ ግን ጠርጥሮ፣ ያኛው መንገዱን አልለቀቀም እንዴ ብሎ ጠይቆ ነበር። ካፒቴኑ ለቋል አለው። መሐንዲሱም ዝም አለ። እኔን ከፉጨቱ ይልቅ የሚያመኝ ይሄ ዝምታ ነው።

ዛሬ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለነዳጅ የተወሰነ አነጋገር አለ። ሌላ መዘግየት የማይችል «ሚኒመም ፊውል» (አነስተኛ ነዳጅ) ይላል፣ የባሰበት ደግሞ «ሜይዴይ፣ ሜይዴይ፣ ሜይዴይ፣ ፊውል»። ጀማሪም ቢሆን ቃል መምረጥ አይጠበቅበትም።