ሰባተኛው የእርሳስ መስመር

ዛሬ ጠዋት እማዬ ክፍል ግድግዳ ላይ ሰባተኛውን የእርሳስ መስመር አሰመርኩ። ወር በገባ ቁጥር እርጥበቱ የደረሰበትን ጫፍ እየተከተልኩ ቀጭን መስመር አሰምርና አጠገቡ ቀኑን እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ወገቤ ጋ ነው፣ የዛሬው ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ይላል። ከመጀመሪያው መስመር ወዲህ በስድስት ወር ይቺን ታህል መውረዱ ለሌላ ሰው ምንም ላይመስለው ይችላል፣ እኔ ግን ጽፌ ስጨርስ እዛው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ብዙ ቆየሁ።

ቤቱ አሮጌ ነው፣ ግድግዳው ድንጋይ በኖራ የተገነባ፣ ውፍረቱ 50 ሴንቲ ይሆናል። ችግሩን መጀመሪያ ያየነው ቁም ሳጥኑን ስናንቀሳቅስ ነው፣ ከጀርባው ያለው ቀለም ውሃ እንደቋጠረ ቆዳ አብጦ ነበር፣ በጣቴ ነካ ሳረገው ፍርፍር ብሎ ወደቀ። እኔም ሰው ሁሉ ሚያረገውን አረኩ፣ ፋቅኩት፣ ስቱኮ ሞላሁበት፣ ቀባሁት፣ በሁለት ወሩ ተመልሶ መጣ። ቀጥሎ ውሃ አያሳልፍም የተባለ ቀለም ቀባሁት፣ እሱም እንደ ላስቲክ ተገሽልጦ ወረደ። በሦስተኛው ባለሙያ አምጥቼ ልስኑን አስነስቼ እስከ ጉልበት ድረስ በሲሚንቶ አስለሰንኩት፣ ጥሩ ጠንካራ ሆነ፣ አመት ሙሉ ደረቅ ነበር፣ በቃ ተገላገልን ብለን የእማዬን አልጋ መልሰን አስጠጋነው፣ የአባዬንም ፎቶ ከአልጋዋ ራስጌ ሰቀልን።

ከዛ እርጥበቱ ከሲሚንቶው በላይ ብቅ አለ። ፎቶውን ሳወርደው የፍሬሙ ጀርባ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል፣ ወረቀቱ ከመስታወቱ ጋ ተጣብቆ የአባዬ ግማሽ ፊት መስታወቱ ላይ ቀረ። እማዬ ምንም አላለችም፣ ተቀብላኝ በነጠላዋ ጠርጋ ይዛው ወጣች። ያን ቀን ነው መቀባቱን በቃኝ ያልኩት።

አሁን ሳስበው ነገሩ ቀላል ነው። የድሮ ግድግዳ ውሃ ይጠጣል፣ ግን ደሞ መልሶ ይተነፍሰዋል፣ ኖራው ጥቃቅን ቀዳዳ ስላለው ማታ የገባው እርጥበት ቀን በንፋስና በሙቀት ይወጣል፣ ቤቱ ይሄን ሁሉ ዘመን የቆመው እንደዛ ነው። ሲሚንቶና የፕላስቲክ ቀለም ግን መተንፈሻውን ይደፍኑታል። ውሃው አይጠፋም፣ መውጫ ሲያጣ መውጫ እስኪያገኝ ወደ ላይ ይወጣል። እኔ ራሴ ነኝ ከጉልበት ወደ ወገብ ያሳደግኩት፣ ይሄ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

አንድ ሽማግሌ ግንበኛ አሉ፣ እሳቸውን ለምኜ አመጣኋቸው። ገና ከመምጣታቸው በፊት በስልክ ያዘዙኝ ነገር ነበር፣ ሁለት ቁራጭ ፎይል ግድግዳው ላይ፣ አንዱን ከታች አንዱን ከላይ ለጥፈህ ዙሪያውን በፕላስተር አሽገህ ሁለት ቀን ተወው አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ሳነሳው የታችኛው ፎይል ፊቱ ደረቅ ነው፣ ጀርባው ግን፣ ግድግዳውን ሚነካው በኩል፣ ጠብ ጠብ ይላል። የላይኛው ደሞ ተቃራኒ፣ ጀርባው ደረቅ ሆኖ ወደ ክፍሉ ያለው ፊቱ ላይ ጤዛ አለ። ማለትም አንድ ብለን ስንታገለው የኖርነው ሁለት ችግር ነው፣ ከታች ውሃው ከግድግዳው ውስጥ ነው ሚመጣው፣ ከላይ ያለው ግን ከራሳችን ትንፋሽ፣ ከሻወሩ እንፋሎት፣ ክፍል ውስጥ ከምናሰጣው ልብስ ነው። 20 ዲግሪ ሙቀትና 60 ፐርሰንት እርጥበት ያለው አየር 12 ዲግሪ የደረሰ ግድግዳ ሲያገኝ ውሃ መሆን ይጀምራል፣ የራሰ ግድግዳ ደሞ ከደረቁ ይበልጥ ስለሚቀዘቅዝ አንዱ ሌላውን ያባብሰዋል።

ሽማግሌው ሲመጡ ግድግዳውን አንዴ በመዳፋቸው ዳሰስ አርገው ቀጥታ ወደ ውጪ ወጡ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ውስጡን አያዩትም እንዴ እላለሁ። "ልጄ፣ ውስጥ ያለው መጨረሻው ነው፣ መጀመሪያውን እዚህ ነው ምናገኘው" አሉኝና በዱላቸው መሬቱን መታ መታ አረጉ። ለካ በየጊዜው አፈር ሲደለደል፣ በላዩ ሲሚንቶ ሲፈስ፣ የውጪው መሬት ከውስጡ ወለል ከአንድ ስንዝር በላይ ከፍ ብሏል። ከላይ ደሞ የአሸንዳው መውረጃ ቱቦ ከግድግዳው በኩል በቁመቱ ተሰንጥቋል፣ ከፊት ስታየው ደህና ነው፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ግን ውሃውን እዛው ግድግዳ ላይ ያፈሰዋል። ስንት ጊዜ በዛ በኩል አልፌያለሁ፣ አንድም ቀን በዝናብ ወጥቼ ቀና ብዬ አላየሁም። ቤቱ እርጥበት ያለበት ሰው ከምንም በፊት ዣንጥላ ይዞ በዝናብ ቤቱን ይዙር እላለሁ፣ ከልቤ ነው።

ቱቦውን ቀየርን፣ መሬቱን ከወለሉ በታች እስኪሆን ቆፍረን ጠጠር ሞላንበት፣ የሲሚንቶውን ልስን በመሮ አንድ በአንድ አነሳነው። ከስሩ ያለው ድንጋይ ጥቁር ብሎ ላብ እንዳላበው ነበር። በሳምንቱ ነጭ ጥጥ መሳይ ነገር አበቀለ፣ እኔ ሻጋታ ነው ብዬ ደነገጥኩ፣ ሽማግሌው ጣታቸውን ውሃ ነክረው ጠብ አረጉበት፣ ሟሟና ጠፋ። "ሻጋታ አይሟሟም፣ ይሄ ጨው ነው፣ ውሃው ሲወጣ ጥሎት ሚሄደው ነው" አሉኝ። በደረቅ ብሩሽ ብቻ ነው ሚጠረገው፣ ካጠብከው ተመልሶ ይገባል፣ ጨው ደሞ ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስብ ውስጥ ከቀረ ግድግዳው በደረቅ ቀንም ይረጥባል። እኔ በየሳምንቱ እጠርገዋለሁ፣ አሁን አሁን ሚወጣው እየቀነሰ ነው።

መቼ ይደርቃል ብዬ ስጠይቃቸው ለየ2.5 ሴንቲው አንድ ወር አስብ አሉኝ። 50 ሴንቲ ማለት ወደ 20 ወር ነው። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ድንጋዩ እንደተገለጠ፣ ክፍሉ ባዶ ሆኖ፣ እማዬ ሳሎን እየተኛች ሁለት አመት ሊሞላ ምንም ማይቀረው ጊዜ። ግን እሺ አልኩ፣ እስኪደርቅ ኖራ እንኳን አናስነካውም ተባብለናል። ጠዋትና ማታ መስኮት ከፍተን አየር እናስገባለን፣ ልብስ ውስጥ አናሰጣም፣ የአየሩን እርጥበት ሚለካ ትንሽ ነገር ገዝቼ ከ60 ፐርሰንት እንዳያልፍ እጠብቃለሁ፣ ቁም ሳጥኑም ሌላ ክፍል ነው፣ ሲመለስ ከግድግዳው አንድ መዳፍ ርቆ ይቀመጣል። የላይኛው ጤዛ በዚሁ ብቻ በአንድ ወር ጠፋ። እማዬም ከክፍሉ ከወጣች ወዲህ የሌሊት ሳሏ ቀለል ብሏል።

ሽታው አሁንም አለ፣ በተለይ በሩ ተዘግቶ ሲውል። ዛሬ መስመሩን ሳሰምር እማዬ ገብታ ከኋላዬ ቆመች፣ ጎንበስ ብላ በእጇ ጀርባ በስድስተኛውና በሰባተኛው መስመር መሀል ያለውን ድንጋይ ነካችው። "ይሄ ደርቋል" አለችኝ። እኔም ነካሁት፣ ደርቋል።