ኮዱን አንብቢልኝ

ማክሰኞ ጠዋት ነው። ገና 3 ሰዓት አልሆነም። አንዲት ተማሪዬ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። የእናቷን ስልክ በሁለት እጇ ይዛለች። ስታለቅስ እንደቆየች ዓይኗ ይናገራል።

"ቲቸር፣ የእማዬን ቴሌግራም ሰው ወሰደባት" አለችኝ።

የማስተምረው ፒያሳ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነው። 8 ኮምፒውተር አለን። ተማሪዎቹ 16 ናቸው። ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ። ብዙዎቹ 12ኛ ክፍል ጨርሰው ቤት የተቀመጡ ልጆች ናቸው። ከፊሎቹ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ከተማዋ ዳር ሄደዋል። አሁንም ሁለት ታክሲ እየያዙ ይመጣሉ። ለምን በአቅራቢያችሁ አትማሩም ስላቸው "ጓደኞቻችን እዚህ ናቸው" ይሉኛል። ለእነዚህ ልጆች ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው። የታክሲውን ሳንቲም ከየት እንደሚያመጡት አውቃለሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርታችን ኢሜይል መክፈት ነው። ያለ ኢሜይል የትም አይደረስም። ሥራ ለማመልከት ኢሜይል ይጠየቃል። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ ነው፤ ለመመዝገብ ግን እሱም ኢሜይል ይፈልጋል። ልጆቹ ወደ እኛ ከሚመጡባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ጂሜይል ሲከፈት ብዙ ጊዜ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ወደዚያ ቁጥር ባለ ስድስት አሃዝ ኮድ ይልካል። ኮዱ ሲገባ አካውንቱ ይከፈታል። ከ16ቱ ልጆች የራሳቸው ሲም ካርድ የነበራቸው 7 ብቻ ነበሩ። የቀሩት የእናታቸውን፣ የአያታቸውን ወይም የታላቅ ወንድማቸውን ስልክ እየተዋሱ የሚጠቀሙ ናቸው። ኢሜይል በከፈትንበት ጠዋት ደግሞ ስልኮቹ ከባለቤቶቻቸው ጋር ነበሩ።

ያለን ጊዜ ሁለት ሰዓት ነበር። መብራት ሳይጠፋ መጨረስ ፈለግሁ። የራሴን ስልክ አወጣሁና "ተራ በተራ ቤት ደውሉ። ኮዱን ያንብቡላችሁ" አልኳቸው።

ዘጠኙም ደወሉ። አዳራሹ በአንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ተሞላ። "እማ፣ አሁን መልእክት ይመጣልሻል። ቁጥሯን ብቻ አንብቢልኝ።" ከወዲያ በኩል እናቶች እየቆጠሩ ያነባሉ። ልጆቹ ይጽፋሉ። አካውንቱ ሲከፈት ያጨበጭባሉ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ 16ቱም ኢሜይል ነበራቸው። ለአለቃዬ "ሁሉም ጨርሰዋል" ብዬ ሪፖርት ላክሁ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር ቤቴ የገባሁት።

ልጅቷ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ይህ ከሆነ አሥር ቀን አልፎት ነበር።

የልጅቷ እናት እንጀራ ጋግረው ለትንንሽ ምግብ ቤቶች የሚያስረክቡ ሴት ናቸው። የሰፈር ዕቁብም ይሰበስባሉ። ዕቁቡ 20 አባላት አሉት። ሰፈሩ ሲበተን ሰው ተራራቀ፤ ዕቁቡ ግን በቴሌግራም ግሩፕ ቀጠለ። ሰኞ ማታ ከአንዷ የዕቁብ ጓደኛቸው መልእክት ደረሳቸው። "በስህተት የኔ ኮድ ወደ አንቺ ስልክ ተልኳል። ቁጥሩን ላኪልኝ እስቲ" ይላል። የጓደኛቸው አካውንት ቀድሞ ተሰርቆ ኖሯል። የሚጽፈው ሌባው ነው።

ሌባው በእሳቸው ቁጥር ቴሌግራም ሊገባ ሲሞክር ኮዱ መጣ። የቴሌግራም መግቢያ ኮድ አምስት አሃዝ ነው። መልእክቱ ራሱ ያስጠነቅቃል። ይህን ኮድ ለማንም አትስጡ፣ ከቴሌግራም ነኝ ለሚላችሁም ቢሆን፣ ይላል። ነገር ግን እሳቸው ስልክ ላይ የሚለው በእንግሊዝኛ ነው። እናትየው ዳዊት የሚደግሙ፣ የዕቁቡን መዝገብ በእጃቸው የሚጽፉ ሰው ናቸው። እንግሊዝኛ ግን አያነቡም። ያዩት ቁጥሩን ነው። ላኩት።

ሌባው ሌሊቱን ሙሉ በእሳቸው ስም ለአባላቱ ጻፈ። "ልጄ ታማብኝ ሆስፒታል ነኝ። እስከ ነገ ገንዘብ ላኩልኝ" አለ። ሁለት ሰዎች ላኩ። አንዱ 5,000፣ ሌላዋ 3,000 ብር።

ስልኩን ተቀብዬ ስከፍተው ቴሌግራሙ ከእሳቸው ስልክ ላይ ገና አልወጣም ነበር። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሌላ ስልክ አዲስ የገባ ሰው፣ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ቀድሞ የነበረውን ስልክ ማስወጣት አይችልም። ባለቤቱ ግን እሱን ማስወጣት ይችላል። ስለዚህ ሰው ደንግጦ አፑን ማጥፋት የለበትም። ሴቲንግ ገባሁ። "ዲቫይስስ" የሚለውን ነካሁ። ሁለት ስልክ ተዘርዝሯል። የማናውቀውን አስወጣሁት። ከዚያ ከኮዱ ሌላ ተጨማሪ የይለፍ ቃል እንዲጠየቅ አደረግን። ሌባው የራሱን የይለፍ ቃል ቀድሞ አስገብቶ ቢሆን ነገሩ ይወሳሰብ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አላስገባም።

ለዕቁቡ አባላት በጽሑፍ ብናስረዳ ማን ያምናል? ልጅቷ ናት መላውን ያመጣችው። እናቷ ጋ ሄዳ በድምፅ አስላከቻቸው። "እኔ ነኝ። ደህና ነኝ። ልጄም ደህና ናት። ምንም እንዳትልኩ።" ድምፃቸውን የማያውቅ የለም።

የተላከው ገንዘብ ግን አልተመለሰም። ባንክ ሲጠየቅ ብሩ ጠዋት በማለዳ ወጥቷል ተባለ። ለፖሊስ አመለከቱ።

ከሰዓት በኋላ እናትየው ራሳቸው መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሊወቅሱኝ ነው ብዬ ነበር።

"የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ የናንተው ትምህርት መስሎኝ ነው" አሉኝ። "ባለፈው ልጄ ደውላ ቁጥር አንብቢልኝ አለችኝ። አነበብኩላት። ጥሩ ነገር ሆነላት። አሁንም የሰው ሥራ እንዳይበላሽ ብዬ ነው የላክሁት።"

መልስ አጣሁ።

የማስተምርበት ጽሑፍ ላይ የኢንተርኔት ጥንቃቄ የሚል ርዕስ አለ። ስምንተኛው ሳምንት ላይ ነው፣ መጨረሻ። ጊዜ ሲያጥር ብዙ ጊዜ በሩጫ የምናልፈው እሱን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ግን ዘጠኝ ቤት ስልክ አስደውዬ፣ ኮድ ሲመጣ ለጠየቀ ሰው ማንበብን አለማምጃለሁ። የተማሩት ክፍል ውስጥ የተቀመጡት ልጆች ብቻ አልነበሩም። እናቶቹም ተምረዋል። በእጅ የለመዱት ነገር ደግሞ ስምንት ሳምንት ቆይቶ በሚመጣ ምክር አይጠፋም።

ለቀሩት ስምንት ቤቶች በዚያው ምሽት ደወልኩ። አንድ አያት ተመሳሳይ መልእክት ደርሷቸው ነበር። መነጽራቸውን ስላላገኙት ብቻ ነው ያልመለሱት።

ስለ 8,000 ብሩ እናትየውን አነጋገርኳቸው። ከፊሉን እኔ ልክፈል ብዬ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። "ሰዎቹ የሰጡት የኔን ስም አምነው ነው። ከዕጣዬ ላይ ይቀነሳል" አሉ። የዕቁቡ ዳኛም በዚያው ተስማሙ። ያ ስንት እንጀራ እንደሆነ አስቡት። እኔ እስከ ዛሬ አስበዋለሁ።

አንድ ነገር ግን እሺ አሉኝ። ቅዳሜ መጥተው ለክፍሉ ተናገሩ። ስለ ተጨማሪው የይለፍ ቃል እኔ ሃያ ደቂቃ የምፈጅበትን እሳቸው እንዲህ አሉት። "የዕድራችን ሳጥን ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ ሊቀመንበሩ ጋ፣ አንዱ ገንዘብ ያዥዋ ጋ ነው። አንዱ ቢጠፋ ሳጥኑ አይከፈትም። ስልኬ አንድ ቁልፍ ብቻ ነበረው፤ እሱንም ሰጠሁት።" ዛሬም የማስተምረው በዚሁ ነው። ዕድር የማያውቅ ልጅ አላጋጠመኝም።

ከዚያ ወዲህ ኢሜይል የምንከፍትበት ቀን ስልክ አይደወልም። የስልኩ ባለቤት ቅዳሜ ከሰዓት ከልጁ ጋር ይመጣል፤ ካልተመቸውም ልጁ ቤቱ ሄዶ አብረው ይከፍታሉ። ኮዱ ሲመጣ ከቁጥሩ በፊት ሥሩ ያለውን እንግሊዝኛ ጮክ ብለን እናነባለን። ልጆቹ ራሳቸው ወደ አማርኛ ይመልሱታል። በትልቁ ጽፈው ቤታቸው ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል። በአንድ ጠዋት ያልቅ የነበረው አሁን ሁለት ሳምንት ይፈጃል። አለቃዬ ቁጥሩ ለምን ወረደ ብሎ ጠየቀኝ። ታሪኩን ነገርኩት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም።

ባለፈው ዙር አንድ ልጅ ቸኮለ። ጓደኞቹ ቀድመውት ጨርሰዋል። የጓደኛውን ስልክ ተዋሰና ከአዳራሹ ወጥቶ ደወለ። ድምፅ ማጉያው ክፍት ስለነበር እናቱ የሚሉት በመስኮቱ ይሰማል።

"አላነብልህም።"

"እማ፣ እኔ እኮ ነኝ!"

"አንተ ብትሆንም አላነብልህም። ራስህ አይደለህ እንዴ ግድግዳዬ ላይ የለጠፍከው? መጥተህ እይ።"

ስልኩ ተዘጋ። ልጁ ፊቱን አጥቁሮ ገባ። "ቲቸር፣ እምቢ አለችኝ" አለ። ቤቱ ሁለት ታክሲ ነው። ቤት እስኪደርስ የኮዱ ጊዜ ያልፍበታል፤ እንደገና መጀመር አለበት።

"ሂድ፤ ከእሷ ጋር ሆነህ ክፈተው" አልኩት።

ቦርሳውን አንግቶ ወጣ።