ፎርጅዱን የያዘው መዝገብ ነው

ባንክ ቤት በቴለርነት የሠራ ሰው ጣቱ ሌላ ነው። ዓይኑ ደንበኛው ላይ ሆኖ እንኳ ጣቱ ይቆጥራል። ወረቀቱ ከለሰለሰ፣ ወይም ሲገለጥ ድምፁ ከተለየ፣ እጁ ሳያስበው ቆም ይላል። እኔም ይህን የለመድኩት አዲስ አበባ፣ መስኮት ላይ ተቀምጬ ነው። ከእኔ በፊት የገቡት ቴለሮች “ፎርጅዱን ለማወቅ አትድከሚ፣ ትክክለኛውን በደንብ እወቂ” ይሉኝ ነበር። እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ ምክር አልሰማሁም።

ለንደን ከመጣሁ በኋላ ሥራዬ ተቀየረ። የወረቀት ገንዘብ ፍቅር ግን አልለቀቀኝም። አሁን የድሮ ፎርጅድ ኖቶችን እሰበስባለሁ። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀኝ “ወንጀል አይደለም ወይ?” ብሎ ነው። እሱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለ አንዱ ዓይነት ብቻ ነው፤ ናዚ ጀርመን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስላተመው የእንግሊዝ ፓውንድ። ሰብሳቢዎች “በርንሃርድ” ይሉታል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ኖቱን ላሳያችሁ። ያን ጊዜ የእንግሊዝ ባንክ የ5 ፓውንድ ኖት ነጭ ነበር። ከዛሬው ኖት በጣም ይሰፋል። እንደ ደብዳቤ በአንድ ወገን ብቻ፣ በጥቁር ቀለም የታተመ ነው። ጀርባው ባዶ ነው። ከላይ በግራ በኩል፣ ዘውድ ከአናቱ ባለው ሞላላ ክብ ውስጥ፣ ብሪታኒያ የምትባለው ሴት ተቀምጣለች። መሃሉ ላይ ባንኩ ላምጪው እንደሚከፍል ቃል የሚገባበት ጽሑፍ አለ። ከታች የባንኩ ዋና ገንዘብ ያዥ ፊርማ አለ፤ እኔ ጋ ባሉት ላይ የኬ. ኦ. ፔፒያት ነው። ሌላ ቀለም የለ፣ የንጉሥ ፎቶ የለ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር የለ። ላየው ሰው ማንም ማተሚያ ቤት የሚሠራው ይመስላል።

ጥበቃው ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። ወረቀቱን ከ1724 ጀምሮ ለባንኩ የሚሠራው ሃምፕሺር ውስጥ ላቨርስቶክ የሚገኘው የፖርታልስ የወረቀት ፋብሪካ ነበር። የሚሠራውም ከእንጨት ሳይሆን ከጨርቅ ነው። ለዚህ ነው ቀጭን ሆኖ የማይቀደደው፣ ሲነካም ኮሽ የሚለው። ወደ ብርሃን ስታነሱት ደግሞ ውስጡ ያሉት ጽሑፎችና ሞገድ የመሰሉ መስመሮች ብቅ ይላሉ።

ጀርመኖቹ ይህን ወረቀት ለመምሰል ብዙ ደክመዋል። ከአዲስ የተልባ እግር ጨርቅ ሠሩት። በዓይን ሲታይ ልክ ነው። በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ ግን ቀለሙ ከእንግሊዙ ጋር አልገጥም አለ። ምክንያቱን ፈልገው ፈልገው አገኙት። እንግሊዞች የሚጠቀሙት ያገለገለ ጨርቅ ነበር። ስለዚህ አዲሱን ጨርቅ ወደ ፋብሪካዎች ላኩት። ሠራተኞች ማሽን ጠረጉበት፣ ቆሸሸ፣ ተመልሶ ታጠበ፣ ከዚያ ወረቀት ሆነ። ያኔ ቀለሙ ገጠመ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኔን በጣም የሚገርመኝ ይህ ነው። አስመሳዩ የኖቱን መልክ ብቻ ሳይሆን የጨርቁን ዕድሜ ጭምር ማስመሰል ነበረበት።

ሥራው የተጀመረው በ1939 ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ ፎርጅዱን ከአውሮፕላን እንግሊዝ ላይ በትኖ ኢኮኖሚዋን ማናጋት ነበር። ያ ጥረት ሳይሳካ ተቋረጠ። በ1942 በርንሃርድ ክሩገር የሚባል የኤስኤስ (የናዚ ፓርቲ ታጣቂ ኃይል) መኮንን እንደገና አስነሳው፤ ስሙም ከእሱ የመጣ ነው። ቦታው ከበርሊን በስተሰሜን ያለው የዛክሰንሃውዘን ማጎሪያ ካምፕ ሆነ። ብሎክ 18 እና 19 ከሌላው ካምፕ በሽቦ ተለይተው ታጠሩ። ክሩገር ከየካምፑ አይሁዳውያን እስረኞችን በሙያቸው መረጠ፤ አታሚ፣ የማተሚያ ሰሌዳ ቀራጺ፣ የባንክ ሠራተኛ። በጠቅላላ ወደ 140 ሰው። ከመካከላቸው በሙያው ገንዘብ አስመሳይ የነበረው ሰሎሞን ስሞልያኖፍ ብቻ ነው። ሌሎቹ በሰላም ጊዜ ጋዜጣና መጽሐፍ ሲያትሙ፣ ሒሳብ ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው።

ከሌላው እስረኛ የተሻለ ይበሉ ነበር። አልጋም ነበራቸው። ግን ምስጢሩን ያወቀ ሰው በሕይወት እንደማይወጣ ሁሉም ያውቅ ነበር። በጽኑ የታመመ ሰው ወደ ሆስፒታል አይላክም፣ ይገደላል። ስለዚህ ሥራው ቶሎ ካለቀ ሞት ነው፤ ካልተሳካም ሞት ነው። አንድ በርንሃርድ እጄ ላይ ሲሆን የማስበው ይህን ነው። የሠራው ሰው ቢችል ኖሮ አይሠራውም ነበር። ለዚህም ነው እነዚህን ኖቶች እንደ ቀልድ ዕቃ፣ “የሂትለር ገንዘብ” እያሉ የሚሸጡ ሰዎች የሚያናድዱኝ።

አዲስ ኖት ጥርጣሬ ስለሚያመጣ ማስረጀትም ነበረባቸው። እስረኞች በሰልፍ ቆመው ኖቱን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ። ያጥፋሉ፣ ያሻሉ፣ በላባቸው ያወዙታል። የእንግሊዝ ባንክ ሠራተኞች ኖቶችን በእስፒል የማያያዝ ልማድ ስለነበራቸው እነሱም በእስፒል ይወጉታል። የኖቱ ጠርዝ የተቆረጠ ሳይሆን ጫፉ የተበጣጠሰ እንዲመስል በእጅ ይቀድዱት ነበር። ከዚያ በጥራት ይለዩታል። አንደኛው ደረጃ ለሰላዮችና በገለልተኛ አገሮች ለሚደረግ ግዢ፣ ሁለተኛው ከጀርመን ጋር ለሚተባበሩ ሰዎች፣ እያለ ይወርዳል። የተበላሸው ይፈጫል።

አንድ ጊዜ የጀርመን ሰው ኖቶቹን ስዊዘርላንድ ባንክ ወስዶ “ፎርጅድ ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ፈትሹልኝ” እንዳለ ይተረካል። ባንኩ ፈትሾ ደህና ናቸው አለ። እንግሊዝ ድረስ ተጠይቆም ቁጥሩ፣ ቀኑና ፊርማው ትክክል ነው ተባለ። ዓይን ተሸነፈ፣ ጣትም ተሸነፈ።

ያልተሸነፈው መዝገብ ነው። የእንግሊዝ ባንክ ነጭ ኖት ተመልሶ ሲገባ እንደገና አያወጣውም ነበር። ይሰርዘዋል። ቁጥሩን መዝገብ ላይ ያሰፍራል። እያንዳንዱ ኖት የተወለደበትና የሞተበት ቀን አለው ማለት ነው። ፎርጅዶቹ ደግሞ የእውነተኛ ኖቶችን ቁጥር ነው የያዙት። አንድ ቀን የመጣውን ኖት ሠራተኛው ሊሰርዘው መዝገቡን ሲገልጥ፣ ያ ቁጥር ቀድሞ ተከፍሏል። አንድ ኖት ሁለት ጊዜ አይሞትም። በቃ፣ ታወቀ። መስኮት ላይ የሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ማታ ሒሳብ ስንዘጋ ጥቂት ሳንቲም ሲጎድል ሁላችንም ቆመን የምንፈልገው ለዚህ ነው።

ባንኩ ጉዳዩን በሰፊው አላወራም። በ1943 ከ10 ፓውንድ ጀምሮ ያሉትን ትላልቅ ኖቶች ማውጣት አቆመ። በ1945 ጭራሽ ከገበያ ሰበሰባቸው። 10 ፓውንድ የተመለሰው በ1964 ነው፤ 50 ፓውንድ ደግሞ በ1981። 5 ፓውንዱ ከጦርነቱ በኋላ ውስጡ የብረት ክር ገባለትና ነጭ እንደሆነ ቀጠለ፤ እስከ 1961 ሕጋዊ ነበር።

ፎርጅዱ ብዙ ሰው በልቷል። በጣም የታወቀው አንካራ የነበረው የእንግሊዝ አምባሳደር አሽከር ኤልየሳ ባዝና ነው። የጌታውን ምስጢራዊ ሰነዶች ፎቶ እያነሳ ለጀርመን ሸጠ። የስለላ ስሙ ሲሴሮ ነበር። ሀብታም ሆንኩ ሲል፣ የተከፈለው ፓውንድ አብዛኛው በርንሃርድ ሆኖ ተገኘ። ከጦርነቱ በኋላ የጀርመንን መንግሥት ካሣ ጠየቀ፤ አላገኘም።

ስንት እንደታተመ የምናውቀውም በሌላ መዝገብ ነው። ኦስካር ስታይን የሚባል እስረኛ ሒሳብ ያዥ ነበር፤ ቁጥሩን በድብቅ ጽፎ ያዘ። ወደ 9 ሚሊዮን ኖት። በ5፣ በ10፣ በ20 እና በ50 ፓውንድ። በድምሩ ከ134 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ። ሞት ደጃፉ ላይ ቆሞ ሒሳቡን ያልተወ ሰው ነው። ለእኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ትልቁ ሰው እሱ ነው።

በ1945 እስረኞቹ ወደ ኦስትሪያ ተወሰዱ። ኤበንዜ ካምፕ ላይ ሁሉም በአንድ ላይ እንዲገደሉ ታዝዞ ነበር። የመጨረሻዎቹ እስረኞች ግን ዘግይተው ደረሱ። ጠባቂዎቹ የአሜሪካ ጦር መቃረቡን ሲያዩ ጥለዋቸው ሸሹ፣ በግንቦት መጀመሪያ ነፃ ወጡ። ከቀረው ፎርጅድ ከፊሉ በሣጥን በሣጥን እዚያው ኦስትሪያ ባለው ቶፕሊትስ ሐይቅ ውስጥ ተጣለ። በ1959 የጀርመኑ ሽተርን መጽሔት ጠላቂዎች ልኮ ብዙ ኖት አወጣ።

አሁን መሰብሰብ ለሚያምራችሁ። መጀመሪያ ትክክለኛውን እዩ። ለንደን ያለ ሰው የእንግሊዝ ባንክ ሙዚየም በነፃ ይገባል፤ ነጭ ኖቶቹን ቀርቦ ማየት ይቻላል። ከዚያ ማጉያ ይዛችሁ ብሪታኒያ ላይ አተኩሩ። እስረኞቹን ለወራት ያደከመቻቸው እሷ ነች። ፊቷ፣ ዓይኗ፣ ከዘውዱ አናት ያለው መስቀል፤ በትክክለኛው ላይ ጥርት ያለው መስመር በፎርጅዱ ብዙ ጊዜ ደብዘዝ ይላል። ቀጥሎ ወደ ብርሃን አንሱትና የወረቀቱን ውስጥ ምልክት ከትክክለኛው ጋር ጎን ለጎን አስተያዩ። ለብቻው ያየ ሰው ይታለላል። የእስፒል ቀዳዳም እዩ። እንግሊዛዊ ብሪታኒያን በእስፒል አይወጋም፣ ጀርመኖቹ ግን ወግተዋታል የሚል አባባል በሰብሳቢዎች ዘንድ አለ። እኔ ቀዳዳውን እንደ ፍንጭ እንጂ እንደ ማስረጃ አልወስደውም። አንድ ኖት በሕይወቱ ስንት ሰው ይወጋዋል!

ዋናው ማስረጃ አሁንም ቁጥሩ ነው። በፎርጅድነት የታወቁ የፊደልና የቁጥር ተራዎች ከነቀናቸው ተዘርዝረዋል። እጃችሁ ያለውን ከዝርዝሩ ጋር አገናኙት። ቁጥሩ ከገጠመ ወረቀቱንና ብሪታኒያን እንደገና ፈትሹ። ሁሉም አንድ ነገር ካሉ ያኔ ግዙ።

አንዳንዱ ደግሞ ማጉያም አይፈልግም። የ1 ፓውንድ ኖት “በርንሃርድ ነው” ካሏችሁ ጥላችሁ ሂዱ፤ ዛክሰንሃውዘን 1 ፓውንድ አልታተመም። ላዩ ላይ 1947 የተጻፈበትም አይሆንም፤ ማተሚያው ያኔ የለም። የብረት ክር ያለው 5 ፓውንድም እንደዚሁ ነው።

የፎርጅድ ፎርጅድም አለ። ለማስታወሻ ተብለው በዘመናችን የታተሙ ነጭ ኖቶችን አንዳንዶች በሻይ አስረጅተው ይሸጣሉ። ለእነዚህ ትንሿ የብር መፈተሻ መብራት ትበቃለች። የዛሬ ወረቀት ማንጫ ኬሚካል ስላለበት ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። የድሮው የጨርቅ ወረቀት እንደዚያ አያበራም። አንድ ሻጭ ዳር ዳሩ ውሃ የነካው ኖት ይዞ “ከቶፕሊትስ ሐይቅ የወጣ ነው” እያለ ዋጋውን እጥፍ ሲጠራብኝ፣ “የት ተጻፈ?” አልኩት። ወረቀት የለውም፣ ደረሰኝ የለውም፣ ከማን እንደገዛው አያውቅም። ኖቱ በእርግጥ በርንሃርድ ነበር። የሐይቁ ታሪክ ግን ባዶ አፍ ነው። ውሃ የትም አለ። በተራ ዋጋ ከሆነ እገዛለሁ አልኩት፣ እምቢ አለ፣ ተለያየን።

ስለ ሕጉ። አገር ካገር ይለያያል፤ ያላችሁበትን አገር ሕግ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እዚህ በጨረታና በሰብሳቢዎች ገበያ ላይ “ፎርጅድ” ተብሎ በግልጽ ተጽፎበት ይሸጣል። ትልቁ ነውር ትክክለኛ ነው ብሎ ማሳለፍ ነው። የእንግሊዝ ባንክ የድሮ ኖቶቹን ዛሬም ስለሚከፍል፣ ይህ ወንጀል እንጂ ጨዋታ አይደለም። ባንኩ ደግሞ ፎርጅድ ካመጣችሁለት አይመልስላችሁም። ስለዚህ የአያቶቻቸውን ነጭ ኖት ባንክ ሊወስዱ የሚነሱ ጓደኞቼን “ቆይ፣ መጀመሪያ ቁጥሩን ላየው” እላቸዋለሁ።

እኔ ኖቱ ላይ ምንም አልጽፍም፣ በእርሳስም ቢሆን። አሲድ በሌለው ግልጽ ማኅደር ውስጥ አስገባዋለሁ። ብርሃን አያየውም። ከዚያ ደብተሬን አወጣለሁ። ቁጥሩን፣ በላዩ የተጻፈውን ቀን፣ ከማን እንደገዛሁት፣ ስንት እንደከፈልኩ፣ ለምን በርንሃርድ እንዳልኩት እጽፋለሁ። ቀዳዳው የት እንዳለ፣ የቱ ጥግ እንደታጠፈም። ስሸጠው ያ ገጽ ተገልብጦ አብሮት ይሄዳል። ገጹን የማይፈልግ ገዢ ካጋጠመኝ አልሸጥለትም።

የ5 እና የ10 አለኝ። የ20 ፓውንዱን እየፈለግሁ ነው። ከነወረቀቱ ያለው ሰው ካለ ይጻፍልኝ፤ ፎቶውን በሁለት ወገን፣ አንዱን ደግሞ በብርሃን ላይ አንስቶ ቢልክልኝ ደስ ይለኛል።