"የማን ልጅ?" ብዬ ዴንማርክ ድረስ

አባቴ ሰባት ቤት መቁጠር ያስተማረኝ ፊደል ሳልቆጥር ነው። እኔም ልጄን አስተማርኳት። በእኔ በኩል ሰባቱንም ትወጣቸዋለች። በአባቷ በኩል ግን አራተኛው ላይ ትቆም ነበር።

ባለቤቴ የአሜሪካዋ የአዮዋ ግዛት ሰው ነው። አራተኛው፣ ማለትም የሱ ቅድመ አያት፣ ከዴንማርክ መጥተው መሬት እንዳረሱ ቤተሰቡ ያውቃል። በእጃችን የነበረው ኔልሰን የሚለው የቤተሰብ ስምና አንድ የዴንማርክኛ መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የተሳሳትኩት በቀጥታ ዴንማርክ መዝገብ ውስጥ በመግባቴ ነው። የአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የቤተ ክርስቲያን መዝገቦችን ኢንተርኔት ላይ በነጻ አስቀምጧል። ግን የተደረደሩት በአጥቢያ ነው። አጥቢያውን ሳላውቅ ሦስት ወር ደከምኩ። ስሙም ቢሆን እዚያ ኒልሰን ነው፤ ኔልሰን የሆነው አሜሪካ ከገባ በኋላ ነው።

መንገዱን ያሳዩኝ አማቴ ናቸው። "ቅድሚያ እዚሁ የተቀበሩበትን ጠይቂ" አሉኝ። የሉተራን ቤተ ክርስቲያኑ የቀብር መዝገብ ላይ የትውልድ አጥቢያቸው ተጽፎ አገኘሁት፤ የዴንማርኩ ሰሜን ጁትላንድ፣ ቬንድሲሰል በሚባል አካባቢ። ከዚያ የኮፐንሃገን ፖሊስን መዝገብ አየሁ። ፖሊስ ከ1869 ጀምሮ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በጉዞ ወኪል በኩል የሚሰደዱትን ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራና መድረሻ ይመዘግብ ነበር። የኛ ሰው በ1882 ወጥተዋል። ዕድሜ 30፣ የእርሻ ሠራተኛ።

የ1852ቱን የጥምቀት መዝገብ ስንከፍት ባለቤቴ ግራ ተጋባ። አባትየው ኒልስ ፔደርሰን ይላል። "ልጁ ኒልሰን፣ አባቱ ፔደርሰን? ሌላ ሰው ነው፣ ተይው" አለኝ። እኔ ከወንበሬ ተነሳሁ። ኒልሰን እኮ የኒልስ ልጅ ማለት ነው! ፔደርሰን ደግሞ የፔደር ልጅ። ልክ እንደኛ! መንግሥት በ1828 ቋሚ የቤተሰብ ስም ይያዝ ብሎ ቢያዝም ገጠሩ ለብዙ ዓመት በልማዱ ቀጥሏል። ስለዚህ የዴንማርክ ዘር የምትቆጥሩ ከሆነ አንድን የቤተሰብ ስም ይዛችሁ ወደ ኋላ አትሂዱ። በየትውልዱ "የማን ልጅ?" በሉ።

ጽሕፈቱ ያስቸግራል፤ ጎቲክ የሚባለው የድሮ የእጅ ጽሕፈት ነው። እኔ የአንዱን ቄስ እጅ ጽሑፍ ወረቀት ላይ እየገለበጥኩ ተለማመድኩ። የወራት ስሞችና "የተጠመቀው" የሚለው ቃል ስለሚደጋገሙ ፊደሎቹን ከነሱ ለየሁ።

ከሁሉም የነካኝ ግን ልጁ የሃይማኖት ትምህርቱን ጨርሶ በምእመናን ፊት እምነቱን ያጸናበት ገጽ ነው። ከስሙ አጠገብ የፈንጣጣ ክትባት የወሰደበት ቀን ተጽፏል። ከ1810 ጀምሮ ያለ ክትባት ይህ ሥርዓት አይፈጸምም ነበር። እናቱ አዝላው ስትሄድ ታየችኝ። እኔ ግን መጀመሪያ ስሙንና ዓመቱን ብቻ ገልብጬ አልፌው ነበር። አሁን ሙሉውን ገጽ ፎቶ አነሳለሁ፤ ዳር ላይ ያለውንም ጭምር።

የ1845 የሕዝብ ቆጠራ የትውልድ አጥቢያ ስለሚጠቅስ፣ ኒልስ የተወለደው ጎረቤት አጥቢያ እንደሆነ ደረስኩበት። ማታውኑ አባቴ ጋ ደወልኩ። ልጄ ስልኩን ቀምታኝ ቆጠረችለት። አምስተኛው ኒልስ፣ ስድስተኛው ፔደር።

"ጎሽ የኔ ልጅ" አላት። "ፔደርስ የማን ልጅ ነው?"

የጎረቤቱን አጥቢያ መዝገብ ከፍቻለሁ። ገጽ በገጽ እያየሁት ነው።