ባለቤቴ አገር ቤት ናት፤ ታክስ ስሞላ "ሲንግል" ልበል?

ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ የማገኘው ሐበሻ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ "የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?" ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም ወደ ታች እሰጣለሁ። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ቪታ በሚባለው ነፃ የታክስ አገልግሎት በበጎ ፈቃድ ስለምሠራ አንድ ነገር ደጋግሜ አይቻለሁ። ሰው ገንዘቡን የሚያጣው ወይም ከፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት ከአይአርኤስ ደብዳቤ የሚመጣበት ብዙውን ጊዜ ሶፍትዌር አሳስቶት አይደለም። ሶፍትዌሩ የጠየቀውን ሳያስብበት ስለመለሰ ነው። ፕሮግራሙ ድምር አይሳሳትም። ያልነገራችሁትን ግን ከየት ያመጣዋል?

ስለዚህ ከጥያቄዎቹ ልጀምር። አሜሪካ ለምንኖር ለእኛ የሚደጋገሙትን ብቻ ነው የማነሳው። ቁጥሮቹ በ2026 ለሚሞላው የ2025 ገቢ የሚሠሩ ናቸው።

ትልቁ የጋብቻ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ብቻውን ይኖራል፤ የትዳር ጓደኛው አገር ቤት ፕሮሰስ እየጠበቀ ነው። ሶፍትዌሩ ገና ሲከፈት "አግብተዋል ወይ?" ይላል። ሰውየው የሚኖርባትን አንዲት ክፍል ዞር ብሎ ያይና "ሲንግል"፣ ማለትም ያላገባ፣ የሚለውን ይጫናል።

አይሆንም። ዲሴምበር 31 ላይ በሕግ ያገባ ሰው ለዚያ ዓመት ያገባ ነው። ጋብቻው ሕጋዊ እስከሆነ ድረስ አዲስ አበባም ተፈጸመ ሐዋሳ ለውጥ የለውም። ነገሩ ደግሞ ከታክስ ያልፋል። ለትዳር ጓደኛ የድጋፍ ቃል የሚገባበት አይ-864 የሚባለው ፎርም የቅርብ ዓመቱን የታክስ ወረቀት ይጠይቃል። በአንዱ ወረቀት "ሚስቴ ናት፣ አምጡልኝ" እያሉ በሌላው "አላገባሁም" ብሎ መፈረም ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ አስቡት።

ታዲያ ምን ይሻላል? አንዱ መንገድ አግብቶ ለየብቻ መሙላት ነው። የትዳር ጓደኛ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ወይም አይቲን (ሶሻል ሴኩሪቲ ለማያገኝ ሰው አይአርኤስ የሚሰጠው የታክስ ቁጥር) ከሌለው በቁጥሩ ቦታ "ኤንአርኤ" የሚሉት ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጻፋሉ፤ ነዋሪ ያልሆነ የውጭ ዜጋ ማለት ነው። አንዳንዱ ሶፍትዌር ያለ ቁጥር በኦንላይን አልልክም ይላል። ያኔ አትሞና ፈርሞ በፖስታ መላክ ነው።

ሌላው መንገድ አብሮ መሙላት ነው፤ ብዙ ሰው የማያውቀውም ይሄንን ነው። ሁለታችሁም ተስማምታችሁ፣ አገር ቤት ያለው እንደ አሜሪካ ነዋሪ እንዲቆጠር ትመርጣላችሁ። የተፈረመበት መግለጫ ይያያዛል፤ ደብሊው-7 በሚባለው ፎርም አይቲን ይጠየቅለታል። የመጀመሪያው ዓመት በወረቀት ነው የሚላከው። ከዚያ በኋላ ግን የሁለታችሁም ገቢ፣ የትም አገር ይገኝ፣ መገለጽ አለበት። ባለቤታችሁ አዲስ አበባ ጥሩ ደመወዝ ካላት ይህንን ቀድማችሁ አስሉት።

ልዩነቱን በቁጥር ላሳያችሁ። ባል እዚህ በዓመት 60 ሺህ ዶላር ያገኛል፤ ሚስት አገር ቤት ገቢ የላትም እንበል። ለየብቻ ሲሞላ ታክስ የማይነካው መደበኛ ተቀናሽ 15,750 ዶላር ነው፤ የፌዴራል ታክሱ 5,070 ዶላር አካባቢ ይመጣል። አብረው ሲሞሉ ተቀናሹ 31,500 ይሆናል፤ ታክሱም ወደ 2,940 ዶላር ይወርዳል። ከ2,100 ዶላር በላይ ልዩነት ማለት ነው። ለአንድ ቤተሰብ የአውሮፕላን ትኬት ነው።

ሦስተኛው መንገድ "ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ"፣ ማለትም እንደ ቤተሰብ ኃላፊ መሙላት ነው። ልጃችሁ ከእናንተ ጋር ከግማሽ ዓመት በላይ እዚህ ከኖረና ከቤቱ ወጪ ከግማሽ በላዩን የምትሸፍኑት እናንተ ከሆናችሁ፣ የትዳር ጓደኛችሁ የአሜሪካ ነዋሪ ባለመሆኑ ሕጉ ለዚህ ጉዳይ እንዳላገባችሁ ይቆጥራችኋል። ተቀናሹ 23,625 ዶላር ነው። ልጅ ሳይኖር፣ "ለሚስቴ በየወሩ እልካለሁ" ብሎ ብቻ ይህን መምረጥ ግን አይቻልም። ሰፈር ውስጥ "እንዲህ በለው፣ ሪፈንዱ ይጨምራል" የሚል መካሪ አይጠፋም። አትስሙት።

ባለፉት ዓመታት "ሲንግል" ብላችሁ ሞልታችሁ ከሆነ አትደንግጡ። 1040-ኤክስ በሚባለው ፎርም ይስተካከላል። ተመላሽ ገንዘብ ካላችሁም በአብዛኛው ታክሱን ካስገባችሁበት ቀን ጀምሮ እስከ 3 ዓመት ድረስ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ቀጥሎ ልቤን የሚነካው ጥያቄ ነው። አንድ ጋሼ ጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ተቀምጠው የሐዋላ ደረሰኞቻቸውን በፖስታ ውስጥ በየወሩ ደርድረው አወጡልኝ። "ልጄ፣ እናቴን የማስተዳድራት እኔ ነኝ። መድኃኒቱም፣ ሠራተኛዋም፣ የቤት ኪራዩም በእኔ ነው። ዲፔንደንት አድርጊልኝ" አሉኝ። ዲፔንደንት ማለት ታክስ ላይ በእናንተ እንደሚተዳደር የሚመዘገብ ሰው ነው። የአሜሪካ ሕግ ዲፔንደንት የሚላቸው የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ የሆኑትን፣ ከውጭ ደግሞ ካናዳና ሜክሲኮ የሚኖሩትን ነው። ኢትዮጵያ ያለች እናት፣ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያላት ካልሆነች፣ አትገባም። የተላከው ገንዘብም ከገቢ አይቀነስም። ይህንን ለእሳቸው መንገር ከበደኝ። ልጅ እናቱን እየጦረ ሕጉ እንዳላየ ሲያልፈው ያማል፤ ትክክል ነው ብዬም አላምንም። ግን ሶፍትዌሩ ውስጥ የእናትን ስም ማስገባት ሕጉን አይለውጠውም። አንድ የሚያጽናና ነገር አለ፦ በስጦታ የሚላክ ገንዘብ በ2025 ለአንድ ሰው እስከ 19 ሺህ ዶላር ድረስ ምንም ፎርም አያስሞላም።

ልጆችም ላይ ተመሳሳይ ነው። ከ17 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚሰጠው እስከ 2,200 ዶላር የሚደርስ የታክስ ቅናሽ ልጁ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር እንዲኖረውና ከእናንተ ጋር ከግማሽ ዓመት በላይ እንዲኖር ይጠይቃል። አያቱ ጋ አገር ቤት የሚያድግ ልጅ፣ የአሜሪካ ፓስፖርት ቢኖረው እንኳ፣ በአብዛኛው ይህን አያሟላም።

ኡበርና ሊፍት ለምትነዱ። 1099-ኬ የሚባለው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ሲመጣ ብዙ ሹፌር ይደነግጣል። "እኔ 41 ሺህ ነው ባንክ የገባልኝ፣ ይሄ 60 ሺህ የሚለው ከየት መጣ?" ይላል። ወረቀቱ የሚያሳየው ተሳፋሪው የከፈለውን ሙሉ ገንዘብ ነው። የኩባንያው ድርሻ አልተቀነሰም። የመቀነሱ ሥራ የእናንተ ነው፤ ዝርዝሩ ኩባንያው በሚያወጣው የዓመት ማጠቃለያ ላይ አለ። ሳትቀንሱ ካስገባችሁት እጃችሁ ላልገባ ገንዘብ ታክስ ትከፍላላችሁ።

ከዚያ ማይል አለ። ለ2025 ለሥራ የተነዳ እያንዳንዱ ማይል 70 ሳንቲም ያስቀንሳል። 30 ሺህ ማይል የነዳ ሰው 21 ሺህ ዶላር ከገቢው ይቀንሳል። ኩባንያው የሚልክላችሁ የማይል ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ ተሳፋሪ ፍለጋ የዞራችሁበትን በሙሉ አይዝም። ስለዚህ የራሳችሁን መዝገብ ያዙ፦ ቀን፣ ከየት ወዴት፣ ለምን፣ ስንት ማይል። ስልክ ላይ ይሁን ደብተር ላይ ግድ የለም። በማይል ከቀነሳችሁ ደግሞ ቤንዚንና ጥገና ለብቻው አይቀነስም፤ ማይሉ ውስጥ ገብቷል። ሹፌር ከተራ የገቢ ታክስ ሌላ የ15.3 በመቶ የራስ ሥራ ታክስም አለበት። ለዚህ ነው በኤፕሪል፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በጃንዋሪ አጋማሽ ቀድማችሁ ክፈሉ የምለው። አለበለዚያ ኤፕሪል ላይ አንድ ላይ ይከመራል።

ቲፕና ኦቨርታይምን በተመለከተ፣ በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ቲፕን እስከ 25 ሺህ ዶላር፣ ኦቨርታይምን ለአንድ ሰው እስከ 12,500 ዶላር ያስቀንሳል። "ኦቨርታይም ታክስ የለውም" የሚለው ወሬ ግን ልክ አይደለም። የሚቀነሰው፣ ኦቨርታይም አንድ ተኩል ሲከፈል፣ ከመደበኛው ክፍያ በላይ ያለችው ግማሿ ናት። ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬርም እንደ ድሮው ይቆረጣል። ሌላው መጥፎ ነገር፣ ያገቡ ሰዎች ይህን ለማግኘት አብረው መሙላት አለባቸው። እንደገና ወደ ጋብቻው ጥያቄ ተመለስን።

አሁን ሰው ዘልሎት የሚያልፈውን ላንሳ። ሶፍትዌሩ "ከአሜሪካ ውጭ የባንክ ሒሳብ አለዎት?" ይላል። ጣት በራሱ "የለም" የሚለው ላይ ይሄዳል። የዳያስፖራ ሒሳብ ያላችሁ ግን አላችሁ። ያላችሁ ሒሳቦች ሁሉ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10 ሺህ ዶላር ካለፉ ኤፍባር የሚባል ሪፖርት ማቅረብ ግዴታ ነው። ከታክሱ ጋር አይሄድም፤ ፊንሰን በሚባለው መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ለብቻው ይሞላል። ክፍያ የለውም፣ በራሱ ታክስም አያመጣም። አለማቅረቡ ነው ከባድ ቅጣት ያለው። የብሩ ወለድና የምታከራዩት ቤት ኪራይ ደግሞ ገቢ ናቸው፤ ታክሱ ላይ ይገባሉ።

ይህን ሁሉ ካወቃችሁ ሶፍትዌር መምረጥ ቀላል ነው። ደመወዝ ብቻ ያለው፣ ደብሊው-2 ብቻ የያዘ ሰው ገንዘብ ሊከፍል አይገባም ባይ ነኝ። የቤተሰቡ ገቢ ከ89 ሺህ ዶላር ካልበለጠ ፍሪ ፋይል የሚባል በነፃ የሚሞላበት መንገድ አለ። ግን በአይአርኤስ ድረ ገጽ በኩል ነው መግባት ያለባችሁ። ጉግል ላይ "ነፃ ታክስ" ብላችሁ ከፈለጋችሁ የምትገቡት ሌላ በር ነው። በ2024 መጀመሪያ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ቱርቦታክስ የተባለውን ሶፍትዌር "ነፃ" የሚል ማስታወቂያ አሳሳች ነው ብሎ የወሰነው እንዲህ ባለ ነገር ነው። ቱርቦታክስ ጥያቄ አጠያየቁ ግልጽ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን የራስ ሥራ ገቢ ሲጨመር ዋጋው ከፍ ይላል። ለሹፌር የምመክረው ፍሪታክስ ዩኤስኤን ነው። የራስ ሥራ ገቢ ቢኖርም የፌዴራሉ ነፃ ነው፤ የሚከፈለው ለስቴቱ ብቻ ነው። ካሽ አፕ ታክስስ ሁለቱንም በነፃ ይሠራል፤ ሁለት ስቴት ለሚሞላ ግን አይሆንም። መንግሥት ራሱ ያቀርበው የነበረው ዳይሬክት ፋይል በ2026 የለም፤ አዝኛለሁ።

በኤፍ-1 ቪዛ ያላችሁ ተማሪዎች ለብቻ ናችሁ። አብዛኞቻችሁ የምትሞሉት 1040-ኤንአር የሚባለውን፣ ነዋሪ ላልሆኑ ሰዎች የተዘጋጀውን ፎርም ነው፤ ቱርቦታክስ ያንን አይሠራም። ስፕሪንታክስ ይሠራል። በዲቪ በዓመቱ መካከል የገባችሁም የመጀመሪያውን ዓመት ሰው አማክሩ፤ የግማሽ ዓመት ነዋሪነትን እነዚህ ሶፍትዌሮች በደንብ አይዙትም። አይቲን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠይቅ ሰውም እንደዚሁ።

ሰው ስትመርጡ ደግሞ አንድ ነገር እዩ። ገንዘብ ተቀብሎ ታክስ የሚሠራ ሁሉ ፒቲን የሚባል ቁጥር ሊኖረውና ወረቀቱ ላይ ሊፈርም ግድ ነው። "እኔ አልፈርምም፣ ራስህ እንደሞላኸው አድርገህ ላከው" የሚል ካጋጠማችሁ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ውጡ። ሪፈንዱ በማን የባንክ ቁጥር እንደሚገባም ከመፈረማችሁ በፊት በዓይናችሁ አረጋግጡ።

ቨርጂኒያ ኖራችሁ ዲሲ ወይም ሜሪላንድ የምትሠሩ፣ የደመወዛችሁን የስቴት ታክስ የምትሞሉት ለቨርጂኒያ ነው። የእሱ ቀን ሜይ 1 ነው እንጂ ኤፕሪል 15 አይደለም።

ለፌዴራሉ ግን ኤፕሪል 15 ነው። የምትከፍሉት ገንዘብ ባይኖራችሁም በቀኑ አስገቡ። ባለማስገባት የሚመጣው ቅጣት ካልተከፈለው ታክስ በወር 5 በመቶ ነው፤ አስገብቶ ባለመክፈል የሚመጣው ግን ግማሽ በመቶ ነው። ጊዜ ካጠራችሁ በ4868 ፎርም እስከ ኦክቶበር 15 ማራዘም ይቻላል። የሚራዘመው ማስገቢያው ነው፤ መክፈያው እዚያው ኤፕሪል ላይ ይቆያል። በአንድ ጊዜ መክፈል ካልቻላችሁ አይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ የራሳችሁን አካውንት ከፍታችሁ በየወሩ የምትከፍሉበትን ስምምነት መጠየቅ ትችላላችሁ።