«በዛ» ብዬ የበዛብኝ ምሽት

ዐረብኛ እችላለሁ ብዬ አላውቅም። «ትንሽ ትንሽ ይገባኛል» ነው ያልኩት። ይህንንም ያልኩት ሞሮኮ፣ ማራካሽ ከተማ ውስጥ፣ በምሽት፣ በባዶ ሆዴ፣ ለሰባት ፈረንጆች ነው። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህች «ትንሽ ትንሽ» ነው።

ካዛብላንካ ለአንድ ሳምንት የሥራ ሥልጠና ሄጄ ነበር። ሲያልቅ ሁለት ቀን ተረፈኝና ባቡር ይዤ ማራካሽ ወረድኩ። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት «አሮጌው ከተማ ውስጥ ብቻህን ከገባህ ነገ ነው የምትወጣው» አለና በእግር እያዞረ የመንገድ ምግብ ከሚያስቀምስ አስጎብኚ ጋር አገናኘኝ። ቡድኑ ውስጥ እንግሊዛዊ ባልና ሚስት፣ ጡረታ የወጡ አንዲት ጀርመናዊት እናት፣ አራት ስፔናውያን ተማሪዎችና እኔ ነበርን።

እናቴ ከመነሳቴ በፊት «የሥጋ ነገር አደራ» ብላኛለች። ለምን እንዳለች የአገሬ ሰው ሳላብራራ ይገባዋል። እኔም አትክልት አትክልቱን እየለቀምኩ ልዞር ነበር ያሰብኩት። ይህን ጽሑፍ ለእናቴ የሚያሳይ ሰው ካለ ተቀያይመናል።

መጀመሪያ የቆምነው አንዲት ሴትዮ ምጣድ አጠገብ ነው። የምትጋግረው ባግሪር ይባላል። በአንድ ፊት ብቻ ነው የሚበስለው፣ አይገለበጥም። ላዩ ሙሉ በሙሉ ዓይን ነው። አስጎብኚው «ሺህ ቀዳዳ ያለው ቂጣ ነው» ብሎ ማስረዳት ሲጀምር እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እንጀራ እኮ ነው! ማለቴ፣ የእንጀራ የአክስት ልጅ። ከስንዴ ነው የሚሠራው፣ ከትንሽ ሰሃን አይበልጥም፣ ቅቤና ማር ይፈስበታል። ዓይኑ ግን ቁርጥ የቤታችን እንጀራ ነው። ለፈረንጆቹ ስለ እንጀራ ዓይን ረጅም ማብራሪያ ሰጠሁ። ዓይን የሌለው እንጀራ ጋግራ ያቀረበች ሴት ምን እንደምትባል ሳይቀር ነገርኳቸው።

አስጎብኚው ገረመውና «በዐረብኛም እኮ ዐይን ነው የሚባለው» አለኝ።

ምን ነካኝ? ከዚያ በኋላ ጥያቄ ማቆም አልቻልኩም። ራስስ? «ራስ»። ደም? «ደም»። ቤት? «በይት»። ምላስ? «ልሳን»። ልሳን! ቤተ ክርስቲያን ስሰማው ያደግኩት፣ ልሳነ ግዕዝ የምንለው ልሳን! ገበያው ሱቅ ነው። ቅመም ተራ ስንገባ ከሙኑም ከሙን ሆኖ ጠበቀኝ። ግዕዝና ዐረብኛ ዘመዳሞች መሆናቸውን ተማሪ ቤት ሰምቻለሁ። በዓይን ማየት ግን ሌላ ነው። ስደት የወጣ አጎቴን ድንገት መንገድ ላይ ያገኘሁት ያህል ሆነብኝ። ደረቴ ተነፋ።

ቅመም ተራው ላይ አንድ ነጋዴ በትልቅ ሳህን የተከመረ ቡናማ ዱቄት አሸተተን። «ራስ ኤል ሃኑት» ይባላል። «የሱቁ ራስ» ማለት ነው። ባለሱቁ ካለው ቅመም ምርጥ ምርጡን ቀላቅሎ የሚያዘጋጀው ሲሆን፣ ሁሉም የየራሱ አሠራር አለው፣ ምስጢሩንም አይናገርም። በርበሬ ስታስፈጭ ጎረቤት የማታስጠጋ አክስት ያለችው ሰው ይህ አይጠፋውም። «ራስ ማለት ቅመም» ብዬ ጭንቅላቴ ውስጥ መዘገብኩ። ይህቺን ያዙልኝ።

ከዚያ ወደ ጠባቡ መንገድ ገባን። ሁለት ሰው ጎን ለጎን አይሄድበትም። ከኋላዬ አንድ ድምፅ «ባላክ! ባላክ!» ይላል። ጎጃሜዋ አያቴ ገና ከበር ስገባ የምትለኝ እንዲህ ነበር። «በላክ?» በሰው አገር፣ የማያውቀኝ ሰው፣ ምሳ መብላቴን ይጠይቀኛል! እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረው። ዞር ብዬ በፈገግታ «ገና ነኝ» ልል አፌን ስከፍት፣ ቆዳ የተጫነ አህያ በጎኔ ደረሰ። አህያው አልቆመም። እኔ ግን የጫማ ክምር ላይ ነበር የቆምኩት፣ ቆምኩ ከተባለ።

ባላክ ማለት «ዞር በል» ነው።

የወደቅኩበት ክምር ባቡሽ የሚሉት ቢጫ የቆዳ ነጠላ ጫማ ነው። ይሉኝታ ያዘኝና አንድ ጥንድ አነሳሁ። ባለሱቁ ሦስት መቶ ዲርሃም አለኝ። ከአፌ አምልጦ በአማርኛ «በዛ!» አልኩት። ሰውየው ደረቱን ያዘ። «በዛፍ? ላ፣ ላ!» ብሎ ወደ ሁለት መቶ አወረደው። ደነገጥኩ። እንደገና «በዛ» አልኩ። መቶ ሃምሳ። ሦስተኛ ጊዜ ስል መቶ ዲርሃም ገባ። አስጎብኚው እየሳቀ በሞሮኮ ዐረብኛ «በዛፍ» ማለት «ብዙ» ማለት እንደሆነ ነገረኝ። እኔ ግን የቀረውን ማብራሪያ አልሰማሁትም። አንድ ቃል ሁለት መቶ ዲርሃም አውርዶልኛል፤ ከዚህ በላይ ምን ሰዋስው ያስፈልጋል? ጫማው በነገራችን ላይ ጠበበኝ።

መንገዳችን ላይ ያየሁት አንድ ነገር አሁንም አይረሳኝም። የሕዝብ መታጠቢያ ቤት፣ እነሱ ሃማም የሚሉት፣ ከጀርባው ውኃ የሚሞቅበት ትልቅ እሳት አለው። አመዱ ውስጥ አንገታቸው የታሰረ የሸክላ ማሰሮዎች ተቀብረዋል፤ ለእንስራ ትንሽ ነው የጎደላቸው። ማሰሮውም ምግቡም ታንጂያ ይባላል። ሥጋ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከሙን፣ በጨው የቆየ ሎሚና የበሰለ ቅቤ ይገባበታል። ማራካሽ ላይ ይህን የሚያዘጋጁት በብዛት ወንዶች ናቸው። ማሰሮውን ሞልተው፣ አፉን አስረው፣ ለእሳት ጠባቂው ሰጥተው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። ከሰዓታት በኋላ መጥተው ይወስዳሉ። አንዱ እሳት ሰፈሩን ያጥባል፣ ራትም ያበስላል። አጎቶቼ ይህን ቢሰሙ ወጥ መሥራት እንችላለን ብለው ይፎክሩ ነበር።

ሲመሻሽ ጀማ ኤል ፍና ደረስን። የኩቱቢያ መስጊድ ማማ ከበላዩ የሚታይበት ትልቁ አደባባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ ያወጀው ግንቡን አይቶ አይደለም። ተረት ነጋሪውን፣ ሙዚቀኛውን፣ እባብ የሚያጫውተውን፣ ሰው ከብቦ የሚሰማውን ወሬ ነው። ማታ ማታ ደግሞ የምግብ ድንኳኖች ይተከሉና አደባባዩ በጢስ ይሞላል።

አንዱ ጋሪ ላይ ቀንድ አውጣ በትልቅ ድስት ይንተከተካል። አዎ፣ ያ ዝናብ ሲዘንብ አጥር ላይ የሚሄደው። በስፒል እያወጡ ይበሉታል፣ ቅጠላ ቅጠል የገባበትን መረቅ ደግሞ ለጉንፋን ጥሩ ነው ብለው ይጠጡታል። ጀርመናዊቷ እናት አንድ ሳህን ጨርሰው ሁለተኛ አዘዙ። እኔ ጉንፋን እንዳልያዘኝ ለሁሉም አሳወቅኩ።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። አስጎብኚው አንድ ድንኳን ውስጥ አግዳሚ ላይ አስቀመጠንና «ትኩስ ዳቦ ላምጣ፣ ምንም እንዳታዙ» ብሎ ሄደ። ዳቦውን «ኩብዝ» ነው የሚሉት። ኅብስት! ይህንንም ደስ እያለኝ መዘገብኩ። እንግሊዛዊው «ራበኝ» አለ። ያኔ ነው «ግድ የለም፣ እኔ ላዝ፣ ትንሽ ትንሽ ይገባኛል» ያልኩት።

ባለድንኳኑ ከእንፋሎት ጀርባ ነበር። ነጭ ካፖርት የለበሰ ግዙፍ ሰውዬ ነው። ድስቱ ውስጥ ያለውን ማየት አልቻልኩም።

«ራስ?» አለኝ።

ቅመም ይጨመር ወይ ማለቱ ነው። «ራስ! ራስ!» አልኩ።

«ልሳን?»

የምን ቋንቋ ነህ ማለቱ ነው። ደረቴን መታ መታ አድርጌ «አማርኛ!» አልኩ። ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ።

«ዐይን?»

ባግሪሩን ትዝ አለኝ። ዓይን ያለው እንጀራ በመጨረሻ ከወጥ ጋር ሊገናኝ ነው። «ዐይን! እንዴታ!»

ሰውየው በአድናቆት አየኝ። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያዝ ቱሪስት አይቶ አያውቅም መሰለኝ። ከዚያ መጥረቢያ አነሳና ጧ! ጧ! እንፋሎቱ ገለል ሲል አንድ የበግ ጭንቅላት አተኩሮ እያየኝ ነው። ከነጥርሱ።

«በዛ!» ብዬ ጮህኩ። «በዛ! በዛ!»

ሰውየው ፊቱ በራ። «በዛፍ!» አለ። ሁለተኛ ጭንቅላት አወጣ።

አስጎብኚው ዳቦ ታቅፎ ሲመለስ ሁለት ጭንቅላት፣ ሁለት ምላስ፣ አራት ዓይን ከፊቴ ነበር። ሰባቱ ፈረንጆች ደግሞ ስልካቸውን አውጥተዋል። ነገሩን ካስረዳሁት በኋላ አግዳሚው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ለባለድንኳኑ ተረጎመለት። እሱም ሳቀ። ከየት እንደሆንኩ ጠየቀ። «ኢትዮጵያ» ስል ሳቁን አቆመና መጥረቢያውን አስቀመጠ።

«ኤል ገሩዥ» አለ፣ ጣቱን ወደ ሰማይ አንስቶ።

ይህን ቁስል የሚያውቅ ያውቀዋል። አቴንስ፣ 2004፣ 5,000 ሜትር። ሂሻም ኤል ገሩዥ መጨረሻው ላይ ቀነኒሳን ለዓይን ጥቅሻ በማይሞላ ልዩነት ቀደመው። እኔ ያን ቀን ቴሌቪዥን ፊት ነበርኩ። «10,000ውን ግን ማን ወሰደው?» አልኩ። አስጎብኚው ተረጎመ። «ሮምስ? 1960? አበበ ቢቂላን ተከትሎ ሁለተኛ የወጣው የማን ልጅ ነበር?» የሞሮኮው ራዲ ነበር። ለብዙ ኪሎ ሜትር ጎን ለጎን ሮጠው፣ አበበ የአክሱም ሐውልት ቆሞበት በነበረው ቦታ ነው ጥሎት የሄደው። የራቀውም 25 ሰከንድ ነው። ባለድንኳኑ ይህን ሲሰማ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ምንም ሳይናገር ሳህኑን በአንድ ጣቱ ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

ነገሩ የሆድ መሆኑ ቀርቶ የባንዲራ ሆነ። እናቴ፣ ይቅር በይኝ።

እውነቱን ልናገር? የጉንጩ ሥጋ ቅቤ ነው። በጨውና በከሙን እያጠቀስኩ፣ በኅብስቱ እየጠቀለልኩ አንዱን ጭንቅላት ገላበጥኩት። ዱለት አምጡ እያለ ያደገ ሰው የበግ ጉንጭ ፊት መኮሳተሩ ራሱ አጉል ኩራት ነው። ችግሩ ዓይኑ ነው። አራቱም ያዩኛል። ባለድንኳኑም ዓይኖቹን እያየ ይጠብቃል።

ያኔ ባህላችን ደረሰልኝ። ዳቦ ቆረስኩ፣ አንዱን ዓይን በደንብ ጠቀለልኩና ለቡድኑ ስለ ጉርሻ ማስረዳት ጀመርኩ። የፍቅር ምልክት ነው አልኩ። እምቢ አይባልም አልኩ። እንግሊዛዊው በጨዋነት አፉን ከፈተ። አኘከ። «በጣም ለስላሳ ነው» አለ። ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ አገራችን ውስጥ አንድ ጉርሻ ያጣላል እንደሚባል ነገርኩትና ሁለተኛውን ጨመርኩለት። ሚስቱ «ለኔስ?» ስትል በጣም ነበር ያዘንኩላት፤ ግን ጠቀለልኩ። አራተኛውን ጀርመናዊቷ ራሳቸው አንስተው ዋጡት። ሴትዮዋ ምንም አያስደነግጣቸውም።

ሁለተኛውን ጭንቅላት ስፔናውያኑ ተሻሙበት። ሂሳቡን የከፈልኩት ግን እኔ ነኝ፣ ያለ ክርክር። «በዛ» ለማለት ድፍረቱ አልነበረኝም።

መጨረሻ ላይ ሻይ ቤት ገባን። የበግ ስብ ጉሮሮዬን ለስኖታል፤ ሻይ እንደዚያ ቀን አምሮኝ አያውቅም። አረንጓዴ ሻይ ነው፣ ናና በእፍኝ፣ ስኳር በእፍኝ። አስተናጋጁ ማንቆርቆሪያውን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ እስኪያረፋ ይቀዳዋል፣ አንድ ጠብታ አይስትም። የመጀመሪያውን ጨለጥኩ። ሁለተኛው ጉሮሮዬን ከፈተው። ሦስተኛውን ሊቀዳልኝ ማንቆርቆሪያውን ሲያነሳ ጀርመናዊቷ ስለ ቡናችን ጠየቁኝ። ሦስት ጊዜ እንደሚፈላ፣ ስሙም በየተራ እንደሚለያይ አስረዳኋቸው። «የመጀመሪያው አቦል ነው፣ ሁለተኛው ቶና፣ ሦስተኛው» ብዬ ብርጭቆዬን ለአስተናጋጁ ከፍ አድርጌ አሳየሁና «በረካ!» አልኩ።

አስተናጋጁ እጁን መለሰ። ማንቆርቆሪያውን ይዞ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደ።

አስጎብኚውን አየሁት። ዳግመኛ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። «ባራካ» አለ ትንፋሹን ሲያገኝ፣ «እኛ ጋ በቃኝ ማለት ነው።»

ተነስቼ ቆምኩ። በጠበበው ቢጫ ጫማዬ እየተንከረፈፍኩ፣ አስተናጋጁን ከኋላው «በዛ! በዛ!» እያልኩ ተከተልኩት።